የቤታችን ቃል በወጣ ሰው ጆሮ



ሰዎች በአንድነት ተሰብስበው በሚጸልዩበት ስፍራ ሁሉ፣ ከጊዜ ብዛት፣ ለእነርሱ ብቻ የሚገባ ቃል ይበቅላል። ቃሉን የሚያውቅ የቤት ሰው ነው፤ የማያውቀው እንግዳ ነው። ነገር ግን የቤት ሰውም እንግዳም ያልሆነ ሦስተኛ ሰሚ አለ። እርሱም ከእኛ ጋር ኖሮ፣ ቃላችንን በአፉ ተናግሮ፣ ኋላ ግን ከመካከላችን የወጣው ነው። የዚህን ሰው ጆሮ ዛሬ ልናስበው ይገባናል። የምንናገረው ቃል ሰውን ወደ እግዚአብሔር ያቀርብ ወይም ያርቅ እንደሆነ እንደ እርሱ አድርጎ የሚመሰክር የለምና።

ነገሩን ከገዛ ምድራችን እንጀምረው። በአያቶቻችን ዘመን በጉራጌ ምድር ለደሟሚት አምልኮ የተለዩ ልጃገረዶች «ሞየት» በሚባል ማኅበር ይታቀፉ ነበር። ከመንደሩ ተለይተው በሚቆዩበትም ጊዜ የሥርዓቱ አዋቂዎች «ፈድወት» የተባለውን ልዩ ንግግር ያስተምሯቸው ነበር። የሴም ቋንቋዎች ሊቅ የነበረው ቮልፍ ሌስላው በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ይህን የማኅበር ንግግር መርምሯል። ሰዋስዉ ያው የጉራጊኛ ሰዋስው ሲሆን፣ የሚለየው ቃሉ ነው። ዘወትር የሚነገረው ቃል ይቀርና በምትኩ ሌላ ይገባል፤ ወይም ድምፁ ተለውጦ ይነገራል። በመሆኑም የማኅበሩ አባል ያልሆነ ዘመድ፣ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ተቀምጦ እንኳ፣ የልጅቱ ንግግር አይገባውም ነበር።

ይህን ሥርዓት ይመሩ የነበሩት ኅብረተሰቡ በንቀት ስም የሚጠራቸውና በማዕድ የማይተባበራቸው እንጨት ጠራቢዎች እንደነበሩ ልብ ልንል ይገባል። ምሥጢራዊ ቃል ለተናቀ ሰው ጋሻም መዓርግም ይሆናል። እንግዲህ የአንድን ማኅበር ቃል ከመንቀፋችን በፊት፣ ያ ቃል ለሰዎቹ ምን ክብር ሰጥቷቸው እንደነበር መጠየቅ የክርስቲያን ትሕትና ነው። ሰው በአንድ ቤት የሚቆየው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ ጊዜ በክብር የተጠራው በዚያ ቤት ስለሆነ ነው።

በዛር ቤትም እንዲሁ የተለየ ንግግር አለ። ዛር የያዘው ሰው «ፈረስ» ይባላል፤ ዛሩ ይጋልበዋል ተብሎ ይታመናልና። በዚያ ቤት ውስጥ ላለ ሰው ፈረስ መባል መመረጥ ነው። ከዚያ ቤት ለወጣው ግን ያው ቃል ልጓም የገባበት እንስሳ ሆኖ መኖርን ያስታውሰዋል። ቃሉ አልተለወጠም፤ ሰሚው የቆመበት ስፍራ ተለወጠ እንጂ። ከዚሁ ቤት የወጣ ሌላ ቃል ደግሞ አለ፤ ዛር ቤት ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳ አንድ ነገር ደስ ሳይለው ሲቀር «ውቃቢዬ አልወደደውም» ይላል። ከዚህም የምንረዳው ቃል ከሥርዓቱ ይልቅ ዕድሜው ረጅም መሆኑን ነው። ሰው ማኅበሩን ትቶ ሲወጣ ቃሉን በደጅ ጥሎት አይሄድም፤ አንዳንዱ በናፍቆት፣ አንዳንዱም በቁስል ይዞት ይኖራል።

ወገኖቻችን ሆይ፣ ይህ ነገር የአሮጌው አምልኮ ብቻ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ጸሎተ ሃይማኖትንና የጌታን ጸሎት ለንዑሰ ክርስቲያን ትሰጥ የነበረው የጥምቀታቸው ጊዜ ሲቃረብ ነበር። ይሁን እንጂ ምሥጢሩን ቆልፋ አላስቀረችውም። በአራተኛው መቶ ዓመት የኢየሩሳሌም ጳጳስ በነበረው በቅዱስ ቄርሎስ ስም የሚታወቁት ትምህርቶች፣ አዲስ ለተጠመቁት የጥምቀቱን፣ የሜሮኑንና የቅዱስ ቁርባኑን ነገር አንድ በአንድ ይተረጉሙላቸዋል። የክርስቶስ ምሥጢር ጥልቅ ስለሆነ ይከበራል፤ ለጥቂቶች ብቻ እንዲሆን ግን አይደበቅም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም ታኅሣሥ 4 ቀን 1963 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የሥርዓተ አምልኮ ድንጋጌው ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ እንዲጸልይ በር የከፈተው በዚሁ መንፈስ ነው።

ይህንን በጉንችሬና በአካባቢዋ ላለው ሕይወታችን እናምጣው። በቤቷ በእኖርኛ የምታስብና የምታለቅስ እናት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ አማርኛውን ታልፋለች፤ ከዚያም ግዕዙን፣ ከዚያም «ሱታፌ»፣ «ጸጋ ዘያቄድስ»፣ «ንዑሰ ክርስቲያን» የሚለውን የእኛን ንግግር ትገናኛለች። የማርያም ሌጊዮን አባላትም፣ ፍራንክ ዳፍ በ1921 እ.ኤ.አ. በደብሊን ከተማ በመሠረተው ማኅበራቸው፣ ከጥንታዊት ሮማ የተወሰዱትን «ፕሬዚዲየም»፣ «ኩሪያ»፣ «ቴሴራ» የሚሉትን ስሞች ዛሬም ይጠቀማሉ። እነዚህ ሁሉ መልካም ቃላት ናቸው፤ ብዙ ጸሎት ተጸልዮባቸዋል። ነገር ግን ማብራሪያ ካልተጨመረላቸው፣ አዲስ የመጣው ሰው ትርጉማቸውን ሳያውቅ አሜን ይላል። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በምዕራፍ 14 የሚያሳስበው ይህንኑ ነው፤ በማይታወቅ ቋንቋ ከሚነገር እልፍ ቃል ይልቅ ሰውን የሚያስተምር አምስት ቃል መርጧል።

ከእነዚህ ቃላት የሚከፋ ግን ሌላ ዓይነት አለ። ይኸውም ሰውን የሚፈርጅ ቃል ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 እንደተጻፈው፣ በዮርዳኖስ መሻገሪያ አንድ ቃል አስተካክሎ መጥራት ያልቻለ ሁሉ ተገድሏል፤ በዚያን ጊዜ ከኤፍሬም የወደቁት 42,000 ነበሩ። በየትኛውም የእምነት ማኅበር ውስጥ «ቀዘቀዘ»፣ «ወደ ኋላ ተመለሰ»፣ «ዓለም ወሰደው» የሚሉ አነጋገሮች አሉ። በውስጥ ያሉት በሐዘኔታ ይናገሩታል። የወጣው ግን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ይሰማዋል፤ ከመፍረድ በፊት ምን ደረሰብህ ብሎ የጠየቀው የለምና። ምናልባት ሐዘን ደርሶበት የሚጎበኘው አጥቶ ይሆናል፤ ምናልባትም ጥያቄ ነበረው፤ መልሱ ግን በቃል የተጠና ሐረግ ብቻ ሆኖበት ይሆናል። «ጴንጤ» የሚለውም ስም በአገራችን ለረጅም ዘመን የመሳለቂያና የመክሰሻ ቃል እንደነበረ አንርሳ። ዛሬ ብዙዎች ራሳቸውን በዚህ ስም ቢጠሩም፣ በስሙ የተሰደዱት ትዝታቸው ገና አልጠፋም።

እንግዲህ ወንጌል ምን ያስተምረናል? በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የጠፋው ልጅ በተመለሰ ጊዜ ታላቁ ልጅ «ወንድሜ» ብሎ አልጠራውም፤ ለአባቱ ያንተ ልጅ ብሎ ነገረው እንጂ። አባትየው ግን በመልሱ ያንን ቃል አስተካከለ፤ የመጣው ወንድምህ ነው አለው። ልጁ ከቤት ወጥቶ ሳለም ሆነ ሲመለስ ስሙ በአባቱ አፍ አልተለወጠም። የቤታችን ቃል ሁሉ የሚመዘነው በዚህ ነው፤ ከእኛ የወጣው ሰው ስለ እርሱ የምንናገረውን በመስኮት ቆሞ ቢሰማ፣ ወንድም ተብሎ ሲጠራ ይሰማ ይሆን?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ስለዚህ አንድ የምሥጢር ቃል ስታስተምሩ ልጁ ቃሉን ሸምድዶ እንዲመልስ ብቻ ሳይሆን፣ በቤቱ ቋንቋ ለአያቱ እንዲያስረዳ ጠይቁት። ካስረዳ ቃሉ ገብቶታል፤ ካልቻለም እንደገና አብራችሁ ጀምሩ። ከእኛ የወጣ ሰው ስታገኙም አስቀድማችሁ አትከራከሩት። ከቃላችን የትኛው እስካሁን እንደሚያጽናናው፣ የትኛውስ እንዳቆሰለው ጠይቁትና በትዕግሥት ስሙት። የሚያጽናናውን ቃል በጥንቃቄ እንያዘው፤ ከወንጌል የመጣ ነውና። ያቆሰለው ቃል ግን ከልማድ የመጣ ሊሆን ይችላልና እንመርምረው።

ዘመድ ሁሉ ከአዲስ አበባና ከሩቅ አገር ተሰብስቦ ወደ ጉራጌ ምድር በሚገባበት በመስቀል በዓል፣ በአንድ ቤት ካቶሊኩ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና የወንጌል አማኙ በአንድነት ይቀመጣሉ። ከእኛ ቁምስና የወጣችው እህትም ትመጣለች። ያን ጊዜ «የጠፋችው መጣች» የሚል ቃል ከማዕዱ ያርቃታል፤ «እኅታችን፣ እንኳን ደኅና መጣሽ» የሚለው ግን ማንም ሊቅ ሊተረጉመው የማያስፈልግ ቃል ነው።

በበዓለ ኀምሳ ዕለት ለእያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው የተሰማው መንፈስ ቅዱስ፣ አንደበታችንን ያቅና፤ በመካከላችን ያሉትን ያጽና፣ የወጡትንም በፍቅር ያስብ። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።