ውሃው ይወስደዋል

ባለፈው ጥር ከወጣቶች ኅብረታችን ጋር አርባ ምንጭ ሄደን ነበር። ሌሊት 10 ሰዓት ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ተሰብስበን፣ ጸልየን፣ በተከራየነው አውቶቡስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዝን። በመንገድ ላይ የተዘመረውን፣ የተበላውንና የተሳቀውን ለሌላ ቀን ላቆየው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ጫሞ ሐይቅ ላይ፣ ጀልባ ውስጥ፣ አንዲት እኅታችን ስለጠየቀችኝ ጥያቄ ነው። ያኔ አልመለስኩላትም። አሁንም በቅጡ መመለስ መቻሌን እንጃ። ግን እናንተም የምትጠየቁት ስለሆነ አብረን እናስብበት።

ጫሞን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ይላል። አስጎብኚያችን የአካባቢው ተወላጅ፣ ቁጥብ ወጣት ነበር። የሕይወት አድን ጃኬቱን እያንዳንዳችን በትክክል ማሰራችንን በእጁ እየነካ አረጋገጠ። «ማንም እንዳይነሣ፣ ማንም እጁን ውሃ ውስጥ እንዳይከት» አለን። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ የአዞ ገበያ ወደሚባለው ቦታ ወሰደን። ገበያ ያሉት አዞዎቹ ፀሐይ ሊሞቁ ዳር ላይ ተደርድረው ስለሚተኙ ነው። አንዳንዶቹ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ከመካከላችን አንዱ «ሊበላን ነው» ብሎ ሲጮኽ አስጎብኚው ሳቀና፣ አፉን የከፈተው ገላውን ለማቀዝቀዝ እንደሆነ ነገረን። ጉማሬዎቹ ግን አላሳቁትም። እነሱን ሲያይ ዝም ብሎ ጀልባውን አዙሮ ራቅ አደረገን።

አዞዎቹን ካየን በኋላ የኩልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ ወደሚገባበት አቅጣጫ ወሰደን። ኩልፎ ከጋሞ ደጋ ይወርዳል፣ በከተማው በኩል ያልፋል፣ ለከተማው ስሙን የሰጡትን የጫካውን ምንጮችም ተቀብሎ ጫሞ ይገባል። እዚያ ሲደርስ ይደክመዋል። ወንዝ ቁልቁል ሲሮጥ አፈርን ይሸከማል፣ የተኛ ውሃ ሲያገኝ ግን ጉልበቱ ያልቅና ሸክሙን ይጥላል። የተጣለው ደለል እየተከመረ መሬት ይሆናል። በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ «ዴልታ» ብለን የሸመደድነው እሱ ነው። ውሃው ቀለሙን ለወጠ፣ ሻይ በወተት መሰለ። አስጎብኚው ሞተሩን አጥፍቶ ከውሃው አነሣና በረጅም እንጨት መሬቱን እየገፋ ወሰደን። እንጨቱ ሲወጣ ጫፉ ላይ ጥቁር ጭቃ ተለጥፎ ነበር። ወደ እኛ አዘነበለውና፣

«ይሄ የጫሞ አፈር አይደለም» አለ። «ላይ ቤት ያለ ገበሬ ማሳዬ ሳሳብኝ ይላል። ማሳው እዚህ ነው ያለው።»

ይህን ብሎ ዝም አለ። ስብከት አላደረገውም።

በዚያ ዝምታ መካከል ነው እኅታችን የብስኩት ላስቲክ ውሃው ላይ የጣለችው። ምናልባት ሳታስበው ነው። እኔ ግን የጉዞው ኃላፊ ነኝ፤ በእንግዳ ሰው ፊት አፈርኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ «ምን ማድረግሽ ነው? ይሄን ፍጥረት እግዚአብሔር ለማን የሰጠው መሰለሽ?» አልኳት። አስጎብኚው በእንጨቱ ላስቲኩን ስቦ አውጥቶ እግሩ ሥር አስቀመጠው። ልጅቷ ቀላች። ከዚያ፣ በክፋት ሳይሆን በእርግጥ ግር ብሏት፣ እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ ነሐሴ ላይ ግን ‹ውሃው ይወስደዋል› ብለውን ነበር እኮ።»

ጀልባው ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ነገሩን ያውቁ ስለነበር ዝም አሉ። እናንተ ስለማታውቁት ልንገራችሁ። በነሐሴ የሦስት ቀን ኮንፈረንስ አድርገን ነበር። በመጨረሻው ቀን ከማድ ቤቱ ጀርባ የሚጣል ሳህን፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ ፌስታልና የምግብ ትራፊ ተራራ ሆነ። ሰኞ ግቢው ለሌላ ፕሮግራም ይፈለግ ነበር። የጽዳት ማኅበሩን መኪና ብንጠብቅ ቀናት ይፈጃል፣ የተለየ መኪና ብንከራይ ገንዘብ አልቋል። ወንዙ ደግሞ ቅርባችን ነው፣ በነሐሴም ሞልቶ ይጮኻል። ልጆቹ «የት እናድርገው?» ብለው ሲጠይቁኝ «ወደ ወንዙ ውሰዱት፣ ውሃው ይወስደዋል» ያልኳቸው እኔ ነኝ። በጋሪ አምስት ጊዜ ተመላለሱ። ሲመለሱ እጃቸውን ታጥበው የመዝጊያውን ጸሎት አብረን ጸለይን። ሌሊቱን በደንብ ተኛሁ። ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው፦ ሕሊናዬ አልቆረቆረኝም።

ለምን አልቆረቆረኝም? አንድ ወጣት ከኮንፈረንሱ መባ 100 ብር ቢወስድ ለሳምንት እንቅልፍ ባጣሁ ነበር። በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ኃጢአትን ስንዘረዝር ስርቆት አለ፣ ዝሙት አለ፣ ሐሜት አለ። በእያንዳንዱ ውስጥ የተበደለው ሰው ፊት ይታየናል። ወንዝ ውስጥ በጣልነው ግን የማን ፊት ይታየናል? ወንዝ ጥፋትን ከዓይን ያርቃል። የበደልነው ሰው የሚኖረው ከመታጠፊያው በኋላ ነው።

ስለዚህ መታጠፊያውን እንከተል። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ከከተማዋ ሰሜን ተነሥተው አዲስ አበባን እያቋረጡ፣ የመንደሩን፣ የገበያውን፣ የፋብሪካውንና የቄራውን እየጨመሩ ወደ እኛ ይወርዳሉ። እኛ ከተማዋ የምትጨርስበት ቦታ ነን። አቃቂ ቃሊቲ የሚኖር ሰው «ከላይ የመጣብን ነው» ማለት ይወዳል፤ እውነትም አለው። ግን ከእኛም በታች ሰው አለ። በወንዙ ዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። ተመራማሪዎች በዚህ ውሃ ከሚለሙ አትክልቶች ላይ እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ብረቶች ማግኘታቸውን ደጋግመው ጽፈዋል። ጎመኑ ደግሞ ተመልሶ የእኛው ገበያ ይገባል። ከዚያ ሁለቱ አቃቂዎች አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። ከግድቡ በኋላ አዋሽ ይሆናሉ፣ ቆቃ ይደርሳሉ፣ አዳማ የምትጠጣውም ከዚያው ከአዋሽ ነው። አዋሽ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አፋር ውስጥ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ባሕር አይደርስም። «ውሃው ይወስደዋል» ስል ወደ ማያልቅ ባሕር የሚወስደው መስሎኝ ከነበረ፣ ተሳስቻለሁ። የምንጥለው ሁሉ የሚቀረው አገራችን ውስጥ ነው።

ከናንተ መካከል አዳማ ዘመድ የሌለው ስንት ነው?

አሁን አንዳንዶቻችሁ የምትሉትን አውቃለሁ፣ እኔም ለራሴ ብዬዋለሁና። የቆዳ ፋብሪካው በሚለቅበት ወንዝ ላይ የእኛ አምስት ጋሪ ምን ይጨምራል? እኛ ብንተውስ ወንዙ ይጠራል? አይጠራም። በዚህ አልዋሻችሁም። የኮንፈረንሱን ቆሻሻ መኪና ላይ ብንጭነው አቃቂ በማግሥቱም ያው ጥቁር ይሆናል። ግን ያንን ጥቁር ጭቃ በእንጨቱ ጫፍ ሳስታውስ ክርክሩ ይፈርስብኛል። ማንኛዋም የአፈር ቅንጣት ብቻዋን ዴልታ አልሠራችም። አንዷ ብትጎድል ማንም አያውቅም። ነገር ግን ያንን ሰፊ መሬት ከቅንጣቶቹ በቀር የሠራው ሌላ ማንም የለም። «የእኔ ድርሻ ትንሽ ነው» የሚለው ቃል እውነት ነው፤ ግን ድርሻ አለኝ ማለት ነው። ብዙዎች ሆነን ስላጠፋን ጥፋቱ ለእያንዳንዳችን ተካፍሎ ወደ ዜሮ አይደርስም።

ሌላው መልስ የበለጠ ይከብደኛል። ወንዙ ዳር ሽንት ቤት የሌለው፣ የቆሻሻ መኪና የማይገባበት ጠባብ መንደር ውስጥ የሚኖር ሰው አለ። እሱ ቆሻሻውን የት ያድርገው? በዚህ ሰው ላይ ጣቴን አልቀስርም፤ እናንተም አትቀስሩ። አካባቢ ጥበቃ የሚል ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት ለብሶ ድሃውን መገሠጽ ቀላል ነው። ምርጫ የሌለው ሰውና ሁለት ቀን መጠበቅ የሰለቸው ኮሚቴ አንድ አይደሉም። እኔ የሰለቸኝ ነበርኩ። አሁን ከተማዋ ወንዝ የሚበክሉትን የሚቀጣ ደንብ አውጥታለች፣ ጥሩ ነው። ግን ቅጣት ፈርቼ ብተወው ኖሮ የልጅቷ ጥያቄ እንደዚያ ባልወጋኝ ነበር። እሷ የጠየቀችኝ ስለ ደንብ አይደለም። ጫሞ ላይ ኃጢአት የሆነ ነገር አቃቂ ላይ ለምን ኃጢአት እንዳልሆነ ነው።

ለዚህ ያገኘሁት መልስ የሚያኮራ አይደለም። ጫሞ ያማረ ነው፣ ገንዘብ ከፍለንበታል፣ እንግዳ ሰው እያየን ነው። አቃቂን ግን አፍንጫችንን ይዘን በድልድዩ ላይ እናልፈዋለን። ያማረውን ማክበር ፍቅር መስሎኝ ነበር። ያማረውንማ ማን አያከብርም? ያ ሽርሽር በራሱ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም፤ ዓይን ይከፍታል፣ የእኔንም ከፍቷል። ክፉ የሚሆነው ፍጥረትን ለማድነቅ 400 ኪሎ ሜትር ሄደን፣ በ400 ሜትር ላይ ያለውን እንደ ቆሻሻ ጉድጓድ ስንቆጥር ነው።

ከጉዞው ስመለስ ሕዝቅኤልን ከፈትኩ። በ34ኛው ምዕራፍ ነቢዩ ስለ ሰቡ በጎች ይናገራል፤ የጠራውን ውሃ ከጠጡ በኋላ የተረፈውን በእግራቸው ያደፈርሱታል፣ ደካሞቹም የደፈረሰውን ይጠጣሉ። ይህን ክፍል ስለ መጥፎ እረኞች ሲሰበክ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፣ ራሴም ሰብኬዋለሁ። በጉን ግን ዘልዬው ነበር። እነዚያ በጎች ማንንም አልነከሱም። ጠጡ፣ ከዚያ ሄዱ። በደላቸው ከኋላቸው የሚመጣውን አለማሰባቸው ነው። በ47ኛው ደግሞ ነቢዩ ራሱ መሪ ተሰጥቶት በወንዝ ውስጥ ይሄዳል፦ መጀመሪያ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ እስከ ጉልበት፣ ከዚያ እስከ ወገብ፣ በኋላ መሻገር እስከማይቻል። ስለ መንፈስ ቅዱስ ሙላት የምንዘምርበት ክፍል ነው። ግን ያ ወንዝ የሚወጣው ከየት እንደሆነ ልብ በሉ፦ ከመቅደሱ ደፍ ሥር። ወርዶም የሞተውን ባሕር ይፈውሳል፣ ዓሣ አጥማጆች በዳሩ መረብ ያሰጣሉ። ከእኛ ማምለኪያ በር በነሐሴ የወጣውን አስቤ መጽሐፉን ከደንኩት።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ ያችን እኅታችንን ጨምሮ ሰባት ሆነን አባ ሳሙኤል ሄድን። አስጎብኚም ጀልባም አልነበረንም። በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ እዚህ ነው። ለብዙ ዓመታት ቆሞ፣ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ዳግም ሥራ ጀምሯል፤ ኃይሉ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ሐይቁን ሩቅ ሆኖ የሚያየው ሰው አረንጓዴ ሜዳ ይመስለዋል፤ እምቦጭ ነው። ወንዙ የሚገባበት ዳር ላይ እንደ ጫሞው ደለል ተኝቷል። ልዩነቱ በደለሉ ውስጥ የተቀበረው ነው፦ ፌስታል፣ የጫማ ሶል፣ የውሃ ፕላስቲክ። ከአዲስ አበባ የወረደ አፈርና ዕቃ ነው። አንዱ ልጅ በእንጨት ጭቃውን ቆፈር ቆፈር አድርጎ የሚጣል ሳህን አወጣ። የእኛ ነው ማለት አልችልም፣ እንደዚያ ያለ ሳህን በየሰርጉ አለ። የእኛ አይደለም ማለትም አልቻልኩም። ሁላችንም ዝም ብለን አየነው። ከዳር ሆኖ ከብት የሚያጠጣ ልጅ ምን እንደምንፈልግ ጠየቀን። የምንመልስለት አጣን።

ዘንድሮ የነሐሴ ኮንፈረንስ አለ። በኮሚቴው ስብሰባ ለቆሻሻ መኪና በጀት ይያዝ ብዬ ስጠይቅ «ከየት ይመጣል?» ተባለ። ከሻይ ዳቦው አንዱን ቀን ቀነስን፣ የሚጣለውንም ሳህን ትተን ከየቤታችን ሳህን እንድናመጣ ወሰንን። ሁሉም ደስ አላለውም። ሳህን ማን ያጥባል የሚለው ጉዳይ ገና አልተፈታም፤ እኅቶች ብቻ ይጠቡ የሚለውን ሐሳብ እኔ አልቀበለውም፣ ይህንንም ለኮሚቴው ተናግሬያለሁ። መኪናው ኮንፈረንሱ ባለቀ በሦስተኛው ቀን ይመጣል ተብሏል። እስከዚያ ጆንያዎቹ ከማድ ቤቱ ጀርባ ይቆያሉ፤ በሚቀጥለው ቀን ለፕሮግራም የሚመጡትም ይሸታቸዋል። ጓንት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።