ሳቅ ሂስ ይሆናልን?

ሳሊተ ምሕረት አካባቢ በአንድ ቤት ተሰብስበው የጭራቅ ፊልም የሚመለከቱ ወጣቶችን እናስብ። ጭራቁ የጎማ ልብስ ያጠለቀ ሰው መሆኑ ያስታውቃል፤ የሚረግጠውም ከተማ የካርቶን ነው። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ይህ ሳቅ ሂስ ነው ወይስ ንቀት?

ሳቅ በራሱ ነውር የለበትም። ተመልካች በአጉል ማስፈራሪያ አልታለልም ማለቱ የንቃት ምልክት ነው። ሆኖም የቅርጽን ድህነት ከይዘት ድህነት ያልለየ ሳቅ ራሱን ያታልላል።

በኢሺሮ ሆንዳ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1954 በጃፓን የተሠራውን «ጎድዚላ» እንውሰድ። በዚያም ጭራቁ የጎማ ልብስ የለበሰ ተዋናይ ነው። ነገር ግን ከባሕር የሚቀሰቅሰው የሃይድሮጂን ቦምብ ሙከራ ነው። ሂሮሺማና ናጋሳኪ ከተቃጠሉ ገና 9 ዓመት መሆኑ ነበር። በዚያው ዓመትም አሜሪካ በቢኪኒ ያፈነዳችው ቦምብ አመድ 23 ጃፓናውያን ዓሣ አጥማጆችን መርዟል። በጎማው ብቻ የሳቀ ሰው የሕዝቡን ሐዘን ሳያይ አልፏል።

እንግዲህ ሊሳቅበት የሚገባው እውነት ያጠረው ሥራ እንጂ ገንዘብ ያጠረው አይደለም። በውድ መሣሪያ የተኳለ ባዶነትም ከሳቅ ማምለጥ የለበትም። በአነስተኛ አቅም የሚደክመው የአገራችን ባለሙያም ከተመልካቹ የሚሻው ምሕረት ሳይሆን ትክክለኛ ሂስ ነው። ወጣቶቹ ይሳቁ፤ ፊልሙ ሲያበቃ ግን በምን እንደሳቁ ይጠያየቁ።