አእምሮዋ ለደከመ እናት እውነትን ስለ መናገር

ክርስቲያን ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴም ሆይ፥ ሐሰትን የሚከለክለውን ትእዛዝ ከሕፃንነታችን ጀምረን ተምረናል። ነገር ግን ትእዛዙን ለመጠበቅ ከልቡ የሚወድድ ሰው እንኳ የሚጨነቅበት አንድ ሥፍራ አለ፤ ይኸውም ያረጀች እናቱ ከብዙ ዓመት በፊት የሞተውን ባሏን እያሰበች፥ «አባታችሁ ምነው ዘገዩ?» ብላ በየማታው ስትጠይቀው ነው። «ሞተዋል» ቢላት መርዶውን ገና ዛሬ እንደ ሰማች ኾና ታለቅሳለች፤ ነገም ረስታው እንደ ገና ትጠይቃለች። «አሁን ይመጣሉ» ቢላት ደስ ይላታል፤ እርሱ ግን ዋሸ። እንግዲህ ምን ያድርግ?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የሂጶ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው አውግስጢኖስ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ420 ዓ.ም. ገደማ ሐሰትን በመቃወም በጻፈው መጽሐፍ ይህን የሚመስል ነገር አንሥቷል። ለሞት የሚያሰጋ ደዌ የያዘው አንድ ሰው አለ፤ የሚወድደው አንድ ልጁ ሞቶበታል፤ እርሱ ግን አላወቀምና ልጄ ደኅና ነውን ብሎ ይጠይቃል፤ እውነቱን ቢሰማ ይሞት ይኾናል። አውግስጢኖስ ርኅራኄ ልቡን እንደሚያናውጠው አልሸሸገም፤ ኾኖም መዋሸት አይገባም ብሎ ፈረደ፤ ጥቂቱ ሐሰት ቢፈቀድ ቀስ በቀስ እያደገ ይሄዳልና።

እኔም ፍርዱን አከብራለሁ። ነገር ግን የእርሱ በሽተኛና የእኛ እናት አንድ አይደሉም። ያ ሰው አንድ ጊዜ ቢሰማ ያውቃል፤ ዐውቆም ያለቅሳል፥ ኀዘኑንም ይወጣል። የመርሳት በሽታ በያዛት እናት ልብ ግን እውነቱ አያድርም፤ የሚያድርባት ሥቃዩ ብቻ ነው። ይህንም በ2014 በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ምርመራ አስረድቷል፤ በሽተኞቹ ያሳዘናቸውን ነገር ከረሱት በኋላ ኀዘኑ አልለቀቃቸውም ነበር። እንግዲያስ በየማታው መርዶ የሚያረዳት ልጅ እውነትን አስተማርኋት ሊል አይችልም።

ስለዚህ መዋሸት ተፈቀደን? አልተፈቀደም እላለሁ፤ በኹለቱ መካከል ሌላ መንገድ አለና። እናቲቱ የምትጠይቀው ወሬ አይደለም፤ ናፍቆቷን ትናገራለች። «እማዬ፥ አባባ ናፈቁሽ? እስቲ የሠርጋችሁን ቀን አጫውቺኝ» ቢላት አልዋሸም፥ አላቈሰላትምም። ደግሞ ተነሥታ ነጠላዋን ለብሳ ልትፈልገው ብትወጣ፥ እጇን ይዞ ግቢውን አብሯት ይዙር። ይህ ነገር ግን ጊዜ ይፈጃል። ሐሰቱም የአንድ ቃል ነው፥ መርዶውም የአንድ ቃል ነው፤ ይህኛው ግን ማታውን ኹሉ ይወስዳል። ብዙዎቻችን ከኹለቱ አንዱን የምንመርጠው ስለ እውነት ተጨንቀን ሳይኾን መቀመጥ ስለ ሰለቸን ይመስለኛል። ራሷ ልብ ገዝታ «ሞተዋል እንዴ?» ብላ ፊት ለፊት ብትጠይቅ ግን፥ እጇን ይዞ በቀስታ ይንገራት፤ አብሯትም ያልቅስ።

ከዚህ ኹሉ አስቀድሞ የደዌውን ዐይነት ማስመርመር ይገባል። ሐኪሙ አሎይስ አልዛይመር በ1906 በጀርመን አገር የገለጠው በሽታ ቀስ እያለ የሚመጣ የአንጎል ደዌ ነው፤ የኀጢአት ቅጣትም፥ የዕድሜ ብዛት ብቻም አይደለም። ነገር ግን አንዲት አሮጊት በጥቂት ቀን ውስጥ ድንገት ብትቃዥ፥ ምናልባት የሳንባ ወይም የሽንት በሽታ፥ ወይም የውሃ ጥም፥ ወይም የምትውጠው መድኃኒት አውኳት ይኾናልና ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ትወሰድ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይድናል። ከባድ ትካዜም መርሳትን ይመስላል፤ እርሱም መድኃኒት አለው። መጸለይ መልካም ነው፤ የሚጸልይ ሰው እናቱን ወደ ሐኪም ቢወስድ ከእምነቱ ምን ይጐድልበታል?

መድኃኒትን በወጥ ውስጥ ሰውሮ ስለ መስጠትም የሚጠይቁ አሉ። ይህ ከባድ ነው፤ ያወቀችበት ዕለት ማዕዱን ኹሉ ትጠራጠራለችና። ሐኪሙ ሳይመክርበት፥ ቤተ ሰቡም ሳይስማማበት፥ አንድ ሰው ብቻውን አያድርገው።

ለእኔ ግን ከኹሉ የሚከፋው ሐሰት ለእናቲቱ የሚነገረው አይደለም፤ ስለ እርስዋ ለጎረቤት የሚነገረው ነው። እንግዳ በመጣ ቍጥር ወደ ጓዳ አስገብተዋት፥ «ተኝታለች» ይላሉ። ይህ እርስዋን ከኀዘን ለማዳን አልተነገረም፤ የእኛን እፍረት ለመሸፈን ነው እንጂ። ሲራክ በመጽሐፉ በ3ኛው ምዕራፍ ልጅ የአባቱ አእምሮ ቢደክም እንኳ እንዲታገሠው ይመክራል፤ መታገሥና መሸሸግ ግን አንድ አይደሉም። እንግዳው ይግባና በአጠገቧ ይቀመጥ፤ ከደጅ ሲቀበሉትም፥ «እማማ ስምዎን ረስተው ይኾናል፤ ቀድመው ይንገሯቸው» ይበሉት።