ቆራሹም ጎራሹም አንድ ሲሆን

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲባል እየሰማን አድገናል። ለመሆኑ ሕዝብ ለመረጠው የከተማ ሹም ስንት ይከፈለው? ወሳኙስ ማን ይሁን?

ያለ ደመወዝ ያገልግል ካልን ወንበሩን ለባለጠጋ ብቻ መተዋችን ነው፤ ድኻው ልጆቹን ምን ያበላል? ስለዚህ ደመወዝ ነውር አይደለም። ነውሩ ቆራሹም ጎራሹም አንድ ሲሆን ነው።

በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ቤል የምትባል የድኾች ከተማ አለች። የካሊፎርኒያ ሕግ የከተማ ምክር ቤት አባላትን ደመወዝ ይወስናል፤ የራሷን ቻርተር ያጸደቀች ከተማ ግን ከገደቡ ታመልጣለች። እ.ኤ.አ. በ2005 ቤል ቻርተሩን ስታጸድቅ ድምፅ የሰጡት ከ400 ያነሱ ነበሩ። በ2010 ጋዜጣ ሲያጋልጥ፣ ከአምስቱ ተመራጮች አራቱ ለትርፍ ጊዜ ሥራ በዓመት ወደ 100 ሺህ ዶላር ይወስዱ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሕዝቡ ወጥቶ ምክር ቤቱን በድምፁ ለወጠ።

ታዲያ ጥፋቱ የበሉት ብቻ ነውን? በ2005 የቀሩት የት ነበሩ? እኛም ስብሰባ ሲጠራ «ምን አገባን» ስንል ሌማቱን ለጎራሹ እየተውንለት ነው። ደመወዝ በአደባባይ ይነገር፤ ጭማሪ የወሰነም ከሚቀጥለው ምርጫ በፊት አይቅመሰው፤ እኛም ከስብሰባው አንቅር።