ምክር አማና ከሆነ፣ የተመረጠ ንባብስ?

ዛሬ የማነሳው የቤተሰቤን ጉዳይ ነው፤ ሆኖም ጡረታ የወጣ ዘመድ ያለው ሁሉ የሚጋራኝ ይመስለኛል።

አጎቴ ቆቦና አካባቢዋ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ያጠራቀሟት ጥቂት ገንዘብ ወለድ በማይታሰብበት ሒሳብ ተቀምጣለች። የራያ ቆላ ገበሬ ማሽላው ሲያምርለት ከብትና ግመል ይገዛል፤ እሳቸው ግን የሚያግድ ጉልበትም ልጅም የላቸውም። በጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ከ33 አክሲዮን ላላነሰ ገዢ መሸጥ ሲጀምር ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ግዛ ወይም አትግዛ አትበለኝ። የሚነበብ ነገር መርጠህ ላክልኝ፤ የምወስነው እኔ ነኝ» አሉኝ።

ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ለሌላ ሰው ንባብ መምረጥ ከመምከር በምን ይለያል? ምክር የተጠየቀ ሰው አማና እንደ ተሸከመ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። መካሪ ቢሳሳት እንኳ ምክሩ ምክር መሆኑ ይታወቃል። ንባብ የመረጠ ሰው ግን ሐሳቡን ከወረቀቱ ጀርባ ይደብቃል፤ አንባቢውም በራሱ የደረሰበት ይመስለዋል።

የማስታወቂያውን ወረቀት ወዲያው ጣልሁት። ለጥንቁቅ ሽማግሌ የሚበጀው ደረቁ ሰነድ ነው፤ ይኸውም ፕሮስፔክተስ የሚባለው የአክሲዮን ሽያጭ መግለጫ፣ በተለይም ስለ ስጋት የሚናገረው ክፍል። ሻጭ የራሱን ድካም የሚጽፈው እዚያ ነውና። ከዚያም በኦዲተር የተመረመረው ሒሳብ። ኩባንያው በቴሌብር በኩል ከባንኮች ጋር የብድርና የቁጠባ አገልግሎት ስለሚያቀርብ፣ ይህን የሚመለከተውን ገጽ ዑለማ እንዲጠይቁበት ለየሁላቸው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የአል-በቀራህ 282ኛው፣ ብድርን በጽሑፍ ስለማስፈር መሆኑን የሚያውቅ ሙስሊም ደረቅ ሰነድ ሊሰለቸው አይገባም!

ወረቀቱን ወደ ቆቦ ለሚሄድ ሰው ከመስጠቴ በፊት አንድ ጊዜ ገለጥሁት። ቀይ እስክሪብቶዬ ያሰመረው ስጋት ስጋቱን ብቻ ነው። ስለ ትርፍ ድርሻ አንድም መስመር አልነካሁም። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ማለፉን፣ ተቀማጭ ገንዘብም ቁጭ ብሎ እንደሚሳሳ የሚገልጽ አንዲት ገጽ አልጨመርሁም። ለምን? ገዝተው ቢከስሩ ይወቅሱኛል፤ ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ ቢመናመን ግን የሚጠይቀኝ የለም። ታዲያ የጠበቅሁት የእሳቸውን ገንዘብ ነበር ወይስ የራሴን ስም?

ምልክት የሌለበት ሌላ ቅጂ አትሜ፣ የብሩንም ነገር ጨምሬ ላክሁ። ይህ ሁሉ ጊዜ ወሰደ። ሽያጩ በየካቲት 2017 ሲዘጋ አጎቴ ገና ንባቡ መካከል ላይ ነበሩ። አልገዙም፤ አልወቀሱኝምም። የቀዩን መስመር ነገር በስልክ ስነግራቸው ግን ጥቂት ዝም አሉና፣ «እሱንም ላክልኝ፤ አንተ የምትፈራውንም ልየው» አሉኝ።