ለጠላት አገልጋይ እንጀራ

1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 30ን አውጡና ያዙልኝ።

ከወጣቶቻችን አንዱ «ፓስተር፣ ቦን ቶማሃውክን ማየት ኃጢአት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሳላይ መመለስ ስላልፈለግሁ አየሁት። የ2015 ፊልም ነው። ካውቦይ ነው ብላችሁ ትጀምሩና ሆረር ውስጥ ትገባላችሁ። በዋሻ የሚኖሩ ሰው በላዎች ከአንዲት ትንሽ ከተማ ሰዎች ጠልፈው ይወስዳሉ። ከተወሰዱት አንዷ የአርተር ሚስት ናት። አርተር እግሩ ተሰብሯል። እንደዚያም ሆኖ ከሸሪፉና ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ፍለጋ ይወጣል። ፈረሶቻቸው ይሰረቃሉ፣ እግሩ ይብስበታል፣ ጓደኞቹ ትተውት ይቀድማሉ፤ እሱ ግን እየተንፏቀቀ ይከተላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚህ ጋ አልቅሻለሁ። እንዲህ አድርጎ የፈለገን ጌታ አለን፣ አሜን?

ዋሻው ውስጥ ግን ሰው በሕይወቱ እያለ ለሁለት ሲሰነጠቅ ያሳያል። ዝርዝሩን አልነግራችሁም። በማግስቱ ልጸልይ ስንበረከክ ዓይኔ ላይ የመጣው እሱ ነው። ለወጣቱም «እኔ አልደግመውም፣ አንተም ባታየው ይሻልሃል» አልሁት።

ከደሙ ይልቅ ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። እነዚያ የዋሻ ሰዎች ቋንቋም ስምም የላቸውም። ጉሮሯቸው ላይ በተሰካ አጥንት ይጮኻሉ እንጂ አይናገሩም። ስለዚህ ሲገደሉ እፎይ አልሁ። እኔ፣ ፓስተሩ!

አሁን ምዕራፉን እዩ። አማሌቃውያን ጺቅላግን አቃጥለው የዳዊትን ሚስቶች ማርከዋል። ዳዊት ጉልበት እስኪያጣ አለቀሰ፤ ጌታን ጠየቀ፤ ተከተል ተባለ። 600 ሰው ይዞ ወጣ፣ 200ው ደክመው ወንዙ ጋ ቀሩ። ከዚያ ሜዳ ላይ የወደቀ ግብፃዊ አገኙ። የአማሌቃዊ ባሪያ ነው፤ ከተማቸውን ካቃጠሉት ጋር ነበረ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉት ነበር? እነሱ እንጀራና ውሃ፣ በለስና ዘቢብ ሰጡት። የማን እንደሆነ የተጠየቀው በልቶ ነፍሱ ከተመለሰች በኋላ ነው። 3 ቀንና 3 ሌሊት እህል አልቀመሰም ነበር። በኋላም መንገዱን ያሳያቸው እሱ ሆነ።

ከአገር ቤት በስልካችን የሚመጣውን ቪዲዮ አስቡ። ሬሳ እያየን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ከየትኛው ወገን ነው?» ነው። የፊልሙ ሟች ተዋናይ ነው፣ ቀረጻው ሲያልቅ ቤቱ ይገባል። ይኼኛው እናት አለችው። ምናልባትም ዘመዱ ዛሬ ከጎናችሁ ተቀምጦ ይሆናል።

ዛሬ ማታ ስልካችሁን ክፈቱና «አውሬ» ብላችሁ የጻፋችሁትን አጥፉት። የምታውቁት ሰው ከሆነ ደግሞ ደውሉለት። አሁን ተነሡ፣ እንጸልይ።