የወረወረ እጅና የገደለ እጅ

ከእንጦጦ ጫፍ ወደ ደቡብ፣ ከየካ ኮረብታ ደግሞ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው፣ በባሕር ዛፎቹ መካከል ስድስት ኪሎ ቅርብ ሆኖ ይታየዋል። ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ግቢ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ተማሪው መጽሐፉን ታቅፎ በሚመላለስበት በዚሁ ቅጥር ውስጥ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. 10 ያህል የእጅ ቦምቦች ተወረወሩ። ጥቂት ቆይቶም ከተማይቱ ነደደች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከሰማንያ ዓመት በላይ አልፏል። አንድ ጥያቄ ግን ገና አልተዘጋም፤ ይኸውም ለፈሰሰው የንጹሓን ደም ባለዕዳው ማን ነው? የሚለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ለኢጣሊያ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ስለ ተወለደለት፣ የፋሺስቱ እንደራሴ ሮዶልፎ ግራዚያኒ ደስታውን ምክንያት በማድረግ ለአዲስ አበባ ድሆች ምጽዋት እንደሚሰጥ አስነገረ። ዐይነ ስውሩ፣ አንካሳው፣ አሮጊቷ ሁሉ በግቢው ተሰበሰቡ። ግራዚያኒ ከሹማምንቱ ጋር በደረጃው ላይ ሳለ፣ የኤርትራ ተወላጆች የሆኑት ሁለት ወጣቶች፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም፣ ቦምቦቻቸውን ወደዚያው ወረወሩ። ባለ ታክሲው ስምዖን አደፍርስ የዕቅዱ ተባባሪ ነበር። አብርሃ በኢጣሊያኖች መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ስለ ነበር፣ ሊመታ የተነሣውን ኃይል ከውስጥ ያውቀዋል። የተወረወሩት ቦምቦችም ራሳቸው ኢጣሊያ ሠራሽ ነበሩ። ግራዚያኒ በፍንጣሪ ተበሳስቶ ክፉኛ ቆሰለ፤ ነገር ግን አልሞተም። የአየር ኃይሉ ጄኔራል ሊዮታ እግሩን አጣ። ግብፃዊው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ቄርሎስም ከቆሰሉት መካከል ነበሩ።

ከዚህ በኋላ መሣሪያውም ዒላማውም ተለወጠ። በመጀመሪያ ጠመንጃና መትረየስ ምጽዋት ሊቀበል በመጣው ሕዝብ ላይ ተከፈተ። ቀጥሎም የፋሺስት ፓርቲ የከተማው ኃላፊ የነበረው ጉይዶ ኮርቴሴ ጥቁር ሸሚዞችን በነዋሪው ላይ ለቀቃቸው። ለሦስት ቀናት ያህል ዱላ፣ የብረት ዘንግ፣ ጩቤና ቤንዚን ሥራ ላይ ዋሉ፤ የሣር ክዳን ጎጆዎች ሰዎች በውስጣቸው እንዳሉ ነደዱ። ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበችው ሰነድ የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ያደርሰዋል፤ የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ደግሞ ወደ 19,000 ይገምቱታል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ጄኔራል ማለቲ በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳትና ዲያቆናት አስረሸነ። ግራዚያኒ ለሮማ ያስታወቀው ቁጥር 449 ሲሆን፣ የኋላ ጥናቶች ከ1,400 እስከ 2,000 ያደርሱታል።

እንግዲህ በሚዛኑ አንድ ወገን 10 ያህል ቦምብ፣ በሌላው ወገን አንድ ከተማና አንድ ገዳም ተቀምጠዋል። ነገሩን በዚህ ሚዛን ብቻ የሚመዝን ሰው «ባይወረውሩ ይሻል ነበር» ማለቱ አይቀርም። ይህን ያለ ሁሉ ፈሪ ነው፣ ባንዳ ነው ብሎ ማለፍ መልስ አይሆንም። ልጇ በጎጆዋ ውስጥ የተቃጠለባት እናት ይህንኑ ብትናገር፣ አፏን ሊይዝ የሚደፍር ማን ነው? ጥያቄው ከሟቾች ወገን የሚነሣ ነውና ክብርና ትዕግሥት የተሞላበት መልስ ይገባዋል።

ጥያቄው የአዲስ አበባ ብቻ ሆኖም አልቀረም። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 19 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝ አገር በልዩ ኃይል የሠለጠኑ ሁለት የቼኮስሎቫኪያ ወታደሮች፣ ዮሴፍ ጋብቺክና ያን ኩቢሽ፣ የናዚውን ገዥ ራይንሃርድ ሃይድሪክን በፕራግ ከተማ በአንድ የመንገድ መታጠፊያ ላይ ጠበቁት። ጋብቺክ የያዘው ስቴን የተባለ ቀላል መትረየስ በተፈለገበት ቅጽበት አልተኩስ አለ። ከፀረ ታንክ ቦምብ ተሻሽሎ የተሠራው የኩቢሽ ፈንጂም ከመኪናው ውስጥ ሳይገባ ከኋላ ጎማው አጠገብ ፈነዳ። ሆኖም የመኪናው ስብርባሪና የመቀመጫው ሙሌት ወደ ገላው ገብቶ ቁስሉ ስለ መረቀዘ፣ ሃይድሪክ ከቀናት በኋላ ሞተ። ናዚዎች ሰኔ 3 ቀን ሊዲሴ የተባለችውን መንደር አጠፏት፤ 173 ወንዶችን በዚያው ረሸኑ፤ ሴቶቹን ወደ ማጎሪያ ካምፕ አጋዙ፤ አብዛኞቹንም ልጆች በጋዝ ፈጁ። የመንደሩ ነዋሪዎች ግን ከጥቃቱ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበራቸውም።

ሁለቱን ድርጊቶች ጎን ለጎን ማኖር ብዙ ያስተምራል። በፕራግ ወታደሮቹ የሠለጠኑ፣ መሣሪያቸው በመንግሥት የተዘጋጀ ነበር፤ በአዲስ አበባ ሁለት ወጣቶች የጠላትን ቦምብ በጠላት ላይ መለሱ። በፕራግ ገዥው ሞተ፤ በአዲስ አበባ ተረፈ። በቀሉ ግን በሁለቱም ስፍራ አንድ ዓይነት ሆነ። የመሣሪያው ጥራት፣ የጉዳቱ ልክ፣ የገዥው መሞትና መዳን የበቀሉን መጠን ካልወሰኑት፣ የበቀሉ ምንጭ ከቦምቡ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው።

በእንጦጦ ገደል አፍ ላይ ቆሞ የሚጣራ እረኛ የራሱን ድምፅ መልሶ ይሰማል። የገደል ማሚቶ ፈቃድ የለውም፤ የተላከለትን ይመልሳል እንጂ አይመርጥም። በቀል ግን የገደል ማሚቶ አይደለም። በደረጃው ላይ በፈነዳው ቦምብና በነደደችው ጎጆ መካከል አዛዡ፣ ታዛዡ፣ ቤንዚን ተሸካሚው፣ ክብሪት ጫሪው ቆመው ነበር። እያንዳንዳቸው የማሰብ ኅሊና፣ እንቢ የማለትም አፍ ነበራቸው። «እነርሱ ባይወረውሩ እኛም ባልገደልን» የሚል ክርክር ገዳዩን ሰው መሆኑን አስክዶ ገደል የሚያደርግ ክርክር ነው።

ደግሞስ ቦምቡ ከመወርወሩ በፊት ምን ነበር? ፋሺስት ኢጣሊያ ራሷ የፈረመችውን የ1925 እ.ኤ.አ. የጄኔቭ ስምምነት ጥሳ በኢትዮጵያ ሠራዊትና ገበሬ ላይ የመርዝ ጋዝ አዝንባ ነበር። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አርበኞች ውጅግራቸውንና ምንሽራቸውን ይዘው በዙሪያው ካሉት ኮረብቶች ወደ አዲስ አበባ ወርደው ባጠቁ ጊዜ፣ አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ ተረሸኑ። በእጃቸው የነበረው መስቀል እንጂ ቦምብ አልነበረም። ስለዚህ ዝምታ ደኅንነትን ይገዛ ነበር የሚለው ስሌት በታሪኩ አይደገፍም።

ይህ ማለት ግን የወረወረ እጅ ከዕዳ ሁሉ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ጠመንጃ የያዘ አርበኛ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ በሌላው አንድ ሰው ይመርጣል። ቦምብ ግን ዐይን የለውም፤ ፍንጣሪው ጄኔራሉንና ጳጳሱን አይለይም። እንግዲያስ ለቦምቡ ዐይን ሊሆንለት የሚገባው ወርዋሪው ነው። አብርሃና ሞገስ ወደ ደረጃው ወረወሩ፤ መትረየሱ ግን ወደ ድሆቹ ዞረ። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቀን፣ በሁለቱ መካከል ያለው የሞራል ወሰን ይኸው ነው። ወሰኑ ፍጹም ንጹሕ አልነበረም፤ የአቡነ ቄርሎስ ቁስል ምስክር ነው። ነገር ግን ወሰን ነበረ።

የወርዋሪው ሁለተኛ ዕዳ የድርጊቱን ዋጋ በሌላው ትከሻ ላይ ብቻ አለመጣል ነው። ጋብቺክና ጓዶቹ በተሸሸጉበት የፕራግ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ሰኔ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ተከበው ሲዋጉ ሞቱ። ጳጳሱ ጎራዝድ ምእመናኑ እንዳይቀጡ ኃላፊነቱን በራሳቸው ላይ ወስደው ለገዥዎቹ ጻፉ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይም ተረሸኑ። ስምዖን ተይዞ ሕይወቱን ሰጠ፤ አብርሃና ሞገስም ነጻነትን ሳያዩ ሞቱ። የገደለው እጅስ? ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. በኢጣሊያ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ተፈረደበት፤ የተከሰሰው ግን ከናዚዎች ጋር በመተባበሩ እንጂ በኢትዮጵያ ስለ ሠራው አልነበረም፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ተለቀቀ። በ2004 ዓ.ም. አፊሌ በተባለች የኢጣሊያ ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። ዕዳውን የካደው ማን እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ሦስተኛው ዕዳ የወርዋሪዎቹ አይደለም፤ የእኛ የወራሾቹ ነው። ስለ የካቲት 12 በሚጻፍ ተውኔት ሁለት ጀግኖች በመድረኩ ፊት ይቆማሉ፤ ከበሮ የፍንዳታውን ድምፅ ያሰማል፤ ጭብጨባው ይቀልጣል፤ ሕዝቡ ግን ከኋላ እንደ መጋረጃ ሥዕል ወድቆ ይቀራል። ክፍል ውስጥም መምህሩ 30,000 የሚለውን ቁጥር ጽፎ ያልፋል፤ ተማሪው ቁጥሩን ለፈተና ያጠናል። በዚህ ሁኔታ የሞቱት ሁለት ጊዜ ይሞታሉ፤ በመጀመሪያ በጠላት ክብሪት፣ ቀጥሎ በወገን ጭብጨባ። ጀግናን ማክበር የጀግንነቱን ዋጋ ከመሸሸግ ጋር መምታታት የለበትም። ዋጋው ሲሸሸግ፣ ቀጣዩ ትውልድ መሣሪያ ማንሣት ቀላል ነገር ይመስለዋል፤ መሣሪያ ቀላል የመሰለው ሰው ደግሞ ነገ ወደ ደረጃው ሳይሆን ወደ ሕዝቡ ሊወረውር ይችላል።

በስድስት ኪሎ አደባባይ የቆመው፣ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የሠሩት ሐውልት፣ ከሁሉ በላይ የተጨፈጨፈውን ሕዝብ ያስታውሳል። ከዚያ ጥቂት ራመድ ብሎ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ፋሺስቶች የአገዛዛቸውን ዓመታት በደረጃ የቆጠሩበት የሲሚንቶ ግንብ አለ፤ በጫፉ ላይ ዛሬ አንበሳ ተቀምጦበታል። መምህሩ ተማሪዎቹን፣ ጸሐፌ ተውኔቱም ተዋናዮቹን ወደ ሁለቱም ሊወስድ ይገባዋል። አንበሳውን ብቻ ያየ ሰው ድሉን ያውቃል። ሐውልቱንም አብሮ ያየ ግን ድሉ በማን ደም እንደ ተገዛ፣ ደሙንም ያፈሰሰው የማን እጅ እንደሆነ ለይቶ ያውቃል።